ለጋራ ወርክሾፕ መሣሪያ የሚስማማውን ዘዴ መምረጥ፦ የጥላ ሰሌዳ፣ የፎም መሳቢያ፣ የስም ታግ ወይስ የተቆለፈ ዕቃ ቤት?

አንድ መሣሪያ ባለቤቱ አንድ ሰው ሲሆን ቦታውን ባለቤቱ በልቡ ይይዘዋል። የሥራ ጠረጴዛው ለሌላ ሰው የተዝረከረከ ቢመስልም፣ ባለ 13 ሚሊሜትር መፍቻው ከየትኛው ጨርቅ ሥር እንዳለ ስለሚያውቅ እጁን ሰዶ ያነሣዋል። ያው መፍቻ የ5 ወይም የ20 ሰዎች የጋራ መጠቀሚያ ሲሆን ግን የማንም ትዝታ አይበቃም። የአንዱ «እዚህ ነበር ያስቀመጥሁት» ለሌላው ምንም አይነግረውም፤ ፈረቃ ሲቀየር ደግሞ የሚጠየቀው ሰው ራሱ ወደ ቤቱ ሄዷል። የጋራ መሣሪያን በዓይን እንዲነበብ አድርጎ ማደራጀት የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ግድግዳው እንዲያምር አይደለም።

ማንኛውንም የማደራጃ ዘዴ ለመመዘን ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ። እዚህ ቦታ መኖር ያለበት ምንድን ነው? አሁን የጎደለው የትኛው ነው? የጎደለውስ በማን እጅ ነው? ተራ መደርደሪያ ቢበዛ የመጀመሪያውን ጥያቄ ይመልሳል፤ በሚገባ የተሠራ የጥላ ሰሌዳ፣ ማለትም የየመሣሪያው ቅርጽ በማረፊያው ላይ የተቀባበት ሰሌዳ፣ ሁለቱን ይመልሳል፤ ሦስተኛውን ለመመለስ ግን በሰሌዳው ላይ ሌላ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። በምርጫው ላይ የሚፈጸመው አብዛኛው ስሕተት የሚመጣው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ጥያቄ እንደ አንድ ከመቁጠር ይመስለኛል። ሰሌዳውን በጥንቃቄ ቀብተው ያሰናዱ ሰዎች ከሦስት ወር በኋላ «ሰሌዳው አልሠራም» የሚሉት፣ ሰሌዳው ሥራውን ሠርቶ ክፍተቱን እያሳያቸው፣ መሣሪያውን የወሰደውን ሰው ግን እንዲነግራቸው ፈጽሞ ስላልተሰናዳ ነው።

እኔ የምጠቀምበት ፈተና ቀላል ነው። በወርክሾፑ ሠርቶ የማያውቅ ሰው ከመሣሪያዎቹ ፊት ለፊት ይቆምና የጎደለውን እንዲናገር ይጠየቃል። በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ማንንም ሳይጠይቅ መናገር ከቻለ አደረጃጀቱ ለዓይን ይናገራል፤ መሳቢያ መክፈት፣ መዝገብ ማገላበጥ ወይም መቁጠር ከጀመረ ግን ያለው ነገር በሥርዓት የተቀመጠ ዕቃ እንጂ የእይታ አደረጃጀት አይደለም።

ከምርጫው በፊት የሚመጣው ማጣራት

የእይታ አደረጃጀት በጃፓን የማምረቻ አሠራር፣ በተለይም በቶዮታ የምርት ሥርዓት አማካይነት የታወቀ ሲሆን፣ የሚቆመውም ሴይሪ፣ ሴይቶን፣ ሴይሶ፣ ሴይኬትሱ እና ሺትሱኬ በሚባሉት አምስት ደረጃዎች ላይ ነው። በአማርኛ የካይዘን ሥልጠናዎች እነዚህ ደረጃዎች አምስቱ «ማ»ዎች እየተባሉ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ እና ማዝለቅ ተብለው ይጠራሉ። ሰሌዳ መሥራት፣ ፎም መቁረጥ ወይም ለዕቃ ቦታ መሰየም የሁለተኛው «ማ» ሥራ ነው። የመጀመሪያውን ዘሎ ወደ ሁለተኛው የሚሮጥ ሰው ማንም ለማይጠቀምበት መሣሪያ የሚያምር ጥላ ይቀባል።

ለማጣራት የሚያገለግለው የተለመደ መንገድ ቀይ ካርድ ነው። ጥቅሙ የሚያጠራጥር መሣሪያ ሁሉ ቀን የተጻፈበት ቀይ ካርድ ይታሰርበትና ለብቻው ይቀመጣል፤ አንድ ሰው ሲያስፈልገው ካርዱን በጥሶ ይወስደዋል፤ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ፣ ካርዱ ካልተበጠሰ መሣሪያው ከሥራ ቦታው ይወጣል። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስፈልግ መጎተቻ ወይም ልዩ መፍቻ በዚህ ሕግ ተወስዶ እንዳይጣል፣ «ይውጣ» ማለት «ወደ ዕቃ ቤት ይሂድ» ማለት እንጂ «ይወገድ» ማለት እንዳልሆነ አስቀድሞ መነገር አለበት።

በጋራ ወርክሾፕ ማጣራት ሌላም ነገር ያወጣል። መሣሪያ በተፈለገ ጊዜ የማይገኝበት ቤት ሠራተኛው የራሱን ድብቅ ክምችት ስለሚያበጅ፣ «የለንም» የተባለው ባለ 10 ሚሊሜትር ቡሶላ ሰባት ስምንት ሆኖ ከየመሳቢያው ሥር ይወጣል። ይህን እንደ ጥፋት ቆጥሮ ሰውን መገሠጽ ቀጣዩን ክምችት ይበልጥ እንዲደበቅ ከማድረግ ያለፈ ፋይዳ የለውም፤ ድብቅ ክምችት የሚጠፋው መሣሪያው ሁልጊዜ በቦታው መገኘቱን ሰው በተግባር ሲያይ ብቻ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ወር በአንድ ቦታ ሁለት መፍቻ መተው፣ ከተረጋጋ በኋላ ወደ አንድ ማውረድ የተሻለ ነው።

ሁሉም በአንድ ግድግዳ ወይስ በየሥራው ጣቢያ?

ዘዴውን ከመምረጥ በፊት ቦታው መመረጥ አለበት። መሣሪያዎችን ሁሉ በአንድ ማዕከል መስቀል ቁጥጥሩን ያቀልላል፤ አንድ ሰው በአንድ እይታ ሁሉንም ይቃኛል፣ የሚገዛውም ዕቃ ያንሳል። ዋጋው በእግር የሚከፈል ነው። የሥራ ጠረጴዛው ከማዕከሉ 20 ሜትር ቢርቅና አንድ ሠራተኛ በቀን 15 ጊዜ ደርሶ ቢመለስ 600 ሜትር ይጓዛል፤ በ250 የሥራ ቀናት ይህ ለአንድ ሰው 150 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የቶዮታን የምርት ሥርዓት ከቀረጹት ሰዎች ዋነኛው የሆነው ታይቺ ኦኖ ከሰባቱ የብክነት ዓይነቶች አንዱ አድርጎ የቆጠረው አላስፈላጊ እንቅስቃሴ ይህን የመሰለው ምልልስ ነው። ሠራተኛውም ምልልሱ ስለሚሰለቸው ያነሣውን መሣሪያ «ገና ያስፈልገኛል» እያለ አጠገቡ ያከማቸዋል፤ ማዕከሉም ቀስ በቀስ ባዶ ይሆናል።

መሣሪያውን በየጣቢያው ማስቀመጥ ይህን ምልልስ ያስቀራል፤ ነገር ግን ተመሳሳይ ዕቃ ብዙ ጊዜ መግዛትን ይጠይቃል፣ የአንዱ ጣቢያ ዕቃም ወደ ሌላው ይፈልሳል። የዚህ መድኃኒቱ ቀለም ነው። የብየዳው ጣቢያ መሣሪያ ሁሉ እጀታው ላይ ቢጫ ቴፕ፣ የሞርሳው ጠረጴዛ መሣሪያ ደግሞ ሰማያዊ ቢጠመጠምበት የተሳሳተ ሰሌዳ ላይ የተሰቀለ መሣሪያ ከሩቅ ይታያል። ቀለም ብቻውን ግን መታመን የለበትም፤ በአንዳንድ ሕዝቦች ዘንድ እስከ 8 በመቶ የሚደርሱ ወንዶች ቀይንና አረንጓዴን ለመለየት ስለሚቸገሩ፣ ከቀለሙ ጋር ፊደል ወይም ቁጥር መጨመር፣ ሲቻልም ሰማያዊንና ቢጫን ማስቀደም ይበጃል።

በእኔ አስተያየት የሚበጀው ክፍፍል በአጠቃቀም ድግግሞሽ ላይ የተመሠረተው ነው። በየቀኑ የሚነሣው በጣቢያው፣ በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ የሚያስፈልገው በማዕከላዊው ሰሌዳ፣ ከዚያ የሚያንሰው በዕቃ ቤት ይቀመጥ። ሥራው ራሱ ከቦታ ቦታ የሚዘዋወርበት ወርክሾፕ፣ ለምሳሌ ትልቅ ማሽን በቆመበት የሚጠገንበት ቤት፣ ጎማ ያለው ጋሪ ከሁለቱም ይሻለዋል።

የጥላ ሰሌዳ

ሻዶው ቦርድ እየተባለም የሚጠራው የጥላ ሰሌዳ የእያንዳንዱ መሣሪያ ቅርጽ በማረፊያ ቦታው ላይ የሚቀባበት ሰሌዳ ነው። መሣሪያው ሲነሣ ጥላው ይቀራል፤ የጎደለው ነገር ራሱ ስለራሱ ይናገራል። ሐሳቡ ከፋብሪካ ውጭም የታወቀ ነው፤ በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪክ ሙዚየም የተቀመጠው የታዋቂዋ የምግብ ባለሙያ የጁሊያ ቻይልድ ማእድ ቤት ግድግዳ ላይ ባለቤቷ ፖል የየመጥበሻውን ቅርጽ ሥሎ ነበር። እዚያ ቤት መሣሪያውን ሁሉ በልቧ የምታውቅ አንዲት ባለሙያ እያለች እንኳ ካገለገለ፣ ብዙ እጅ በሚገናኝበት ወርክሾፕ ያለው ጥቅም አያጠያይቅም።

ሰሌዳው ከምን ይሠራ የሚለው ጥያቄ ከሚገባው በላይ ያጨቃጭቃል፤ ልዩነቱ ግን እውነተኛ ነው። በ1 ኢንች፣ ማለትም በ25.4 ሚሊሜትር ርቀት የተበሳሳው ሰሌዳ ማንጠልጠያውን በፈለጉ ጊዜ ነቅሎ ሌላ ቦታ ለመሰካት ያስችላል። ይኸው ምቾቱ ድክመቱም ነው፤ መሣሪያው ሲነሣ ማንጠልጠያው አብሮ ይነቀላል፣ አንድ ሰው «እዚህ ይሻላል» ብሎ ያዛውረዋል፣ ጥላውና ዕቃውም ይለያያሉ። ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር የሆነው ዓይነት ከባድ መዶሻና ትላልቅ መፍቻ ሲሰቀልበት ይጎብጣል፤ 6 ሚሊሜትሩ ይሻላል፣ ከግድግዳው ጋርም ማንጠልጠያው የሚገባበት ክፍተት ይፈልጋል። ውፍረቱ 18 ሚሊሜትር የሆነ ኮምፔርሳቶ ላይ ለእያንዳንዱ መሣሪያ በልኩ የተሠራ ማረፊያ በቪቲ ማሰር ብዙ ጊዜ ይፈጃል፤ ከታሰረ በኋላ ግን ማንም ሳያስብበት ሊያዛውረው አይችልም። ለጋራ ወርክሾፕ የምመርጠው ይህን ነው፤ ለመቀየር ትንሽ የሚያስቸግር መሆኑ ለብዙ ሰው የተዘጋጀ ሰሌዳን ይጠብቀዋል። የላሜራ ሰሌዳ ከማግኔት ጋር ለቀላልና ለትናንሽ መሣሪያ ይሆናል፤ ነገር ግን ብረት በማግኔት ሲነካ ራሱ ማግኔትነት ስለሚይዝ፣ የብረት ፍቅፋቂ በሚበዛበት ቤት ፑንታውና ካቻቪቴው ፍቅፋቂውን ለብሶ ይገኛል።

ለአቀባቡ አንድ ነገር ብቻ መታሰብ አለበት፦ ጥላው ከመሣሪያው ራሱ ይልቅ ጎልቶ እንዲታይ። ነጭ ወይም ፈዛዛ ግራጫ መደብ ላይ ጥቁር ጥላ ሥርዓት ያለው ይመስላል፤ ሆኖም ጥቁር እጀታ ያለው ፒንሳ ጥቁር ጥላ ላይ ሲሰቀል መኖሩና አለመኖሩ ከሩቅ አይለይም። በደማቅ ቀለም፣ ለምሳሌ በቀይ የተቀባ ጥላ ግን መሣሪያው ሲኖር ይሸፈናል፣ ሲነሣ ይጮኻል። ከጥላው በታች ስምና ልክ መጻፍ የግድ ነው። የባለ 12 እና የባለ 13 ሚሊሜትር መፍቻ ቅርጽ በዓይን የሚለይ ባለመሆኑ፣ ጽሑፍ የሌለው ሰሌዳ መፍቻዎቹ ተቀያይረው ተሰቅለው ሳለ ሁሉ ነገር የተሟላ ያስመስላል።

ስለ አደራደሩ ሁለት ልማዶች ይወዳደራሉ። አንዱ በዓይነት መደርደር ነው፤ መፍቻዎች ከመፍቻዎች፣ ሞረዶች ከሞረዶች ጋር። ሌላው በሥራ መደርደር ነው፤ አንድን ማሽን ለመፍታት የሚያስፈልገው ብሩጎላ፣ ቡሶላና መዶሻ በአንድ ላይ። የመጀመሪያው ሥራው ለሚለዋወጥ የጥገና ቤት፣ ሁለተኛው ያው ሥራ በየቀኑ ለሚደጋገምበት ቤት ይስማማል። በሁለቱም ከባዱ ዕቃ ከወገብ እስከ ትከሻ ባለው ከፍታ መካከል ይሁን፤ ከራስ በላይ የተሰቀለ ባለ ብዙ ኪሎ መዶሻ ስለ ሥርዓት ሳይሆን ስለ አደጋ ነው የሚናገረው። በየመሣሪያው መካከል ጓንት ያደረገ እጅ የሚያልፍበት ክፍተት፣ ከጠቅላላው ሰሌዳም ወደ አንድ አምስተኛ የሚጠጋ ባዶ ቦታ ቢተው ነገ የሚመጣ መሣሪያ ሰሌዳውን ከመፍረስ ያድነዋል።

ቀለም ከመቀባቱ በፊት መሣሪያዎቹ ለሁለት ሳምንት ያህል በእርሳስ ወይም በቴፕ በተከበበ ቦታ ተሰቅለው ሰው ቢሠራባቸው ትልቅ ድካም ይቀንሳል። አንዴ ከተቀባ በኋላ ግራ እጁን የሚጠቀም ሠራተኛ የሰጠውን አስተያየት ለመቀበል የሚደፍር አይገኝምና።

የጥላ ሰሌዳ በማይሆንባቸው ቦታዎች ላይ ግልጽ መሆን ይገባል። የእንጨት ብናኝ ወይም የግራይንደር ፍንጣሪ በሚበርበት ቤት የመለኪያ መሣሪያ በግድግዳ ላይ መሰቀል የለበትም። በር በሌለው ወይም ለውጭ ሰው ክፍት በሆነ ግቢ ሰሌዳው የሚሰረቀውን ዕቃ በዝርዝር ያሳያል። ቅርጻቸው በየጊዜው የሚለዋወጥ መሣሪያዎች ያሉት የሙከራ ቤትም ጥላውን ሲያድስ ይኖራል፤ ለእንዲህ ያለው ቤት ከቅርጽ ይልቅ ስም የተጻፈበት ሳጥን ወይም ሣህን በቂ ነው።

በፎም የተቆረጠ መሳቢያ

ፎም ያው የጥላ ሐሳብ ተጋድሞ ነው። በመሳቢያ ልክ የተቆረጠው ፎም ሁለት ንብርብር አለው፤ የላይኛው ጥቁር፣ የታችኛው ብሩህ ቀለም ያለው ሲሆን የመሣሪያው ቅርጽ ከላይኛው ላይ ተቆርጦ ሲወጣ ባዶው ቦታ በታችኛው ቀለም ይበራል። በአውሮፕላን ጥገና ይህ ዘዴ የተለመደ ነው፤ ምክንያቱም እዚያ የጠፋ መፍቻ ማለት ጊዜ ያባከነ ዕቃ ሳይሆን በሞተር ወይም በመቆጣጠሪያ ሽቦዎች መካከል ተረስቶ ሊሆን የሚችል ብረት ነው። ስለዚህ ከሥራው በፊትና በኋላ እያንዳንዱ ጎድጓዳ ቦታ ተፈትሾ ሙሉ መሆኑ ሳይረጋገጥ አውሮፕላኑ አይለቀቅም።

ከዚህ የምንማረው የፎምን ትክክለኛ ቦታ ነው። መሣሪያው መጥፋቱ አደጋ የሚያስከትል፣ ከሥራ ቦታ ወደ ሥራ ቦታ በሳጥን የሚጓዝ፣ ወይም በመጋጨት የሚበላሽ ከሆነ ፎም ከሰሌዳ ይበልጣል። የርዝመትና የውፍረት መለኪያዎቹ ካሊፐርና ማይክሮሜትር፣ እንዲሁም ብሎንን በተወሰነ ኃይል የሚያጠብቀው የቶርክ ቁልፍ የዚህ ወገን ናቸው። ማይክሮሜትር ሲቀመጥ ሁለቱ የመለኪያ ገጾች እንዳይነካኩ ትንሽ ክፍተት ይተውለታል፤ ጠቅ የሚለው የቶርክ ቁልፍ ደግሞ ከሥራ በኋላ በልኬቱ ወደ ዝቅተኛው ምልክት ይመለሳል እንጂ ከዚያ በታች አይፈታም። እነዚህን መመሪያዎች ከጎድጓዳው አጠገብ በትንሽ ስቲከር መጻፍ በፎም መሳቢያ ይቻላል፤ በሰሌዳ ላይ ያስቸግራል። የርዝመት መለኪያዎች የሚስተካከሉበት መነሻ ሙቀት 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሆነም መሳቢያው ከምድጃና ከፀሐይ መራቁን ማየት ያስፈልጋል።

የፎም ችግሩ ሁለት ነው። መጀመሪያ፣ የተዘጋ መሳቢያ ዓይን አያየውም፤ የእይታ አደረጃጀት የሚባለው ነገር መሳቢያው እስኪከፈት ድረስ የለም። በመሳቢያው ፊት ላይ የውስጡን ፎቶግራፍ መለጠፍ የመጀመሪያውን ጥያቄ ይመልሳል፤ ሁለተኛውን ግን አይመልስም። ሌላው ቆሻሻ ነው። ቀዳዳው ክፍት የሆነ ስፖንጅ ዘይትና ውኃ ይመጥጣል፣ ብረቱንም ያዝጋል፤ መመረጥ ያለበት ፈሳሽ የማይጠጣው የፖሊኢትሊን ወይም የኢቪኤ ፎም ነው። እርሱም ቢሆን ፍቅፋቂ በጎድጓዳው ውስጥ ስለሚያጠራቅም በየጊዜው ይጠረጋል፣ በብየዳ ፍንጣሪ አጠገብም አይቀመጥም። በጎድጓዳው ጎን ጣት የሚገባበት ግማሽ ክብ መቁረጥን የረሳ ሰው መሣሪያውን በካቻቪቴ ጫፍ እየፈለቀቀ ሲያወጣ ይገኛል፤ ከዚያ በኋላ የፎሙ ዕድሜ አጭር ነው።

በማን እጅ ነው?

እስካሁን የተነሡት ዘዴዎች ሦስተኛውን ጥያቄ አይመልሱም። ለእርሱ የሚቀርቡት አማራጮች የስም ታግ፣ መዝገብ፣ ኪውአር ኮድ እና የሬዲዮ መለያ ያለው ካቢኔ ናቸው።

የስም ታግ ከሁሉም ቀላሉ ነው። እያንዳንዱ ሠራተኛ ስሙ ወይም ቁጥሩ የተቀረጸባቸው አምስት ያህል ትናንሽ ዲስኮች ይሰጡታል፤ መሣሪያ ሲያነሣ አንዱን በባዶው ጥላ ላይ ይሰቅላል፣ ሲመልስ ያነሣዋል። የዚህ ዘዴ ብልኀት የወሰደው ሰው ማንነት ከጎደለው ዕቃ ቦታ ላይ መታየቱ ነው፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥያቄ በአንድ እይታ ይመለሳሉ። የዲስኩ ብዛት መወሰኑም በራሱ ሕግ ነው፤ አምስቱን የጨረሰ ሰው ስድስተኛውን ለመውሰድ አንዱን መመለስ አለበት፣ ማንም ግን አልገሠጸውም። የሚከሽፈው መሣሪያው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ነው፤ ወሳጁ ለጓደኛው ያውሰዋል፣ ዲስኩ ግን የመጀመሪያውን ሰው ሲከስ ይውላል። ሕጉ «ዲስኩ የተሰቀለው ሰው ተጠያቂ ነው» ተብሎ አንዴ ከተነገረና በወጥነት ከተጠበቀ፣ ሰው ሳያስመዘግብ ማዋሱን በራሱ ያቆማል።

መዝገብ ታሪክን ይይዛል። የትኛው መሣሪያ ስንት ጊዜ እንደወጣና የት እንደተበላሸ ለማወቅ ከታግ ይበልጣል፤ ነገር ግን ለዓይን አይናገርም። እጁ በግሪስ የቆሸሸ ሰው በየመፍቻው እስክሪብቶ እንዲያነሣ መጠየቅም ከእውነታው የራቀ ነው። ለሥራ ሰዓታት ለሚወሰድ ተራ መሣሪያ መዝገብን አልመክርም፤ ከግቢው ለሚወጣ ወይም ለብዙ ቀን ለሚቆይ መሣሪያ ግን ከመዝገብ የተሻለ የለም።

ኪውአር ኮድ በዚህ ዓውድ ውስጥ ባዳ አይደለም። በ1994 የፈጠረው ከቶዮታ ቡድን አባላት አንዱ የሆነው ዴንሶ ሲሆን፣ የተፈጠረበትም ምክንያት የመኪና መለዋወጫዎችን ለመከታተል ነበር። ስሕተት የማረሚያ ደረጃው ከፍተኛ ሆኖ ከታተመ እስከ 30 በመቶ የሚሆነው ክፍሉ ቢበላሽም ሊነበብ ይችላል፤ ዘይት በሚነካው ቦታ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ችግሩ ከኮዱ ሳይሆን ከልማዱ ነው፤ ስልክ ማውጣት፣ መክፈትና ማንበብ ዲስክ ከመስቀል ይረዝማል፣ ውጤቱም የሚታየው ስልኩን ለያዘው ብቻ ነው። ስለዚህ ኪውአር ኮድን ለመውሰጃ ሳይሆን ለመረጃ፣ ማለትም የመሣሪያውን የልኬት ማረጋገጫ ቀንና የአጠቃቀም መመሪያ ለማሳየት መጠቀም ይበልጥ ያዋጣል።

የሬዲዮ መለያ ያለው ካቢኔ በሩ ሲዘጋ የገባውንና የወጣውን ራሱ ይቆጥራል። ብረት የሬዲዮ ሞገድን ስለሚያውክ ለብረት መሣሪያ ተብሎ የተሠራ ልዩ መለያ ያስፈልጋል፤ በትንሽ ፑንታ ወይም ብሩጎላ ላይ ይህን የሚለጥፉበት ቦታ ማግኘትም አስቸጋሪ ነው። ብዙ ፈረቃና ብዙ ሠራተኛ ባለበት፣ መሣሪያ ማጣት ሥራን በሚያስቆምበት ቤት ወጪውን ሊመልስ ይችላል። አሥር ሰው በሚሠራበት ወርክሾፕ ግን ዲስኩ የሚሠራውን ሥራ በውድ ዋጋ ከመድገም አያልፍም።

የተቆለፈ ዕቃ ቤትና ጠባቂ

ይህ ከእይታ አደረጃጀት ጋር የሚቃረን ቢመስልም ቦታ አለው። ሥልጠና ሳይኖር ሊነኩ የማይገባቸው፣ በጣም ውድ የሆኑ፣ ወይም ከእያንዳንዱ አጠቃቀም በኋላ መፈተሽ ያለባቸው መሣሪያዎች በሰው እጅ ተሰጥተው በሰው እጅ ቢመለሱ ይሻላል። መፍቻና መዶሻን ግን ከመስኮት ጀርባ ማስቀመጥ ወረፋን ይወልዳል፣ ወረፋውም ቀደም ብሎ የተነሣውን ድብቅ ክምችት ይመልሳል። በዕቃ ቤቱ ውስጥም ቢሆን ጥላና ስም ይኑር፤ ጠባቂው በሌለበት ቀን የሚተካው ሰው እንዳይሳከር።

ለየትኛው ቤት የትኛው?

ተማሪ በየሰዓቱ የሚቀያየርበት የሥልጠና ወርክሾፕ ከሁሉም በላይ የጥላ ሰሌዳ ያስፈልገዋል፤ መምህሩ ክፍለ ጊዜው ከማለቁ 2 ደቂቃ በፊት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ሙሉ መሆኑን ያያል። የስም ዲስክ እዚያ ብዙ አያስፈልግም፤ ሰሌዳው እስኪሞላ ክፍሉ አይለቀቅም የሚለው ሕግ ይበቃል። ሁለትና ሦስት ፈረቃ የሚሠራ የጥገና ቤት ግን ያለ ዲስክ ሰሌዳ ቢሠራ የሚያተርፈው የፈረቃዎች መካሰስን ነው፤ ለእርሱ የምመክረው የኮምፔርሳቶ ሰሌዳና ዲስክ በአንድነት፣ የመለኪያ መሣሪያ ብቻ ደግሞ በፎም መሳቢያ ነው። የእንጨት ሥራ ቤት ብናኙን ስለማያመልጥ መሮና መጋዙን በር ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ በተቀባ ጥላ ላይ ቢሰቅል፣ በሩ ግን ሲሠራ ክፍት ሆኖ እንዲውል ቢያደርግ ይስማማዋል፤ የመሮው ስለት ተሸፍኖ፣ ሞረዶቹም እርስ በርስ ሳይነካኩ። ወደ ሥራው ቦታ እየሄደ የሚጠግን ቡድን ሳጥኑን በፎም ያደራጅ፤ ከመመለሱ በፊት ሳጥኑን ከፍቶ ቀለም የሚታይበት ጎድጓዳ መኖሩን ማየት ከእያንዳንዱ መሣሪያ ዝርዝር ጋር ከማመሳከር ይፈጥናል። በጋራ ከፍለው የሚጠቀሙ አባላት ያሉት ወርክሾፕ፣ አባላቱ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ከሆነ፣ ለተራው መሣሪያ ሰሌዳ፣ ለውዱ ደግሞ የተቆለፈ ቁም ሣጥንና መዝገብ ቢያጣምር እንጂ አንዱን ለሁሉም ቢያደርግ አይሆንለትም።

በጀቱ ጠባብ የሆነ ቤት በ20 መሣሪያዎች ይጀምር። በብዛት የሚነሡትን 20 መርጦ አንድ ሰሌዳ ሠርቶ ለሁለት ወር ከተጠቀመ በኋላ ቀሪውን መወሰን፣ ግድግዳውን ሁሉ በአንድ ቅዳሜ ሸፍኖ ከዚያ ከመጸጸት ይሻላል።

ባዶ ጥላ ሲለመድ

የተመረጠው ዘዴ ምንም ይሁን፣ የሚገድለው ነገር አንድ ነው፦ ሳይሞላ የሚሰነብት ባዶ ቦታ። አንድ ጥላ ለሳምንት ባዶ ሆኖ ከቆየ ዓይን ይለምደዋል፤ ሁለተኛው ሲጨመር ማንም አያስተውለውም። ስለዚህ ያለ ምክንያት ባዶ የሆነ ቦታ ሊኖር አይገባም። የተሰበረ መሣሪያ ከሆነ «ተሰብሯል፣ በዚህ ቀን ይተካል» የሚል፣ ለልኬት ማረጋገጫ የሄደ ከሆነም የሚመለስበት ቀን ያለበት ካርድ በቦታው ይሰቀል። በፈረቃው መጨረሻ ኃላፊው ወይም ተረኛው ሰሌዳውን አይቶ ፊርማውን የሚያኖርበት ወረቀት ከሰሌዳው ጎን ይኑር፤ ወረቀቱ በሌላ ክፍል ከሆነ ሳይታይ ይፈረማል።

መሣሪያ ተሰብሮ በሌላ ቅርጽ በተተካበት ቀን ጥላውም በዚያው ቀን መቀየር አለበት፤ ለነገ የተባለ ጥላ ለወር ይቆያል። ይህ እንዳይሆን ትንሽ የቀለም ጣሳና ብሩሽ በሰሌዳው ግርጌ ይቀመጥ፤ ለብሩሹም የራሱ ጥላ ይቀባለት።